የምሥራች ይዤ ወደ ፊታውራሪው ቤት

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ጎንደር ገና አልነቃችም። ከፒያሳ የምትነሣው የጭነት ማኪና ግን ገብስና ጨው ልታመላልስ ስታጓራ ደረስሁባት፤ ከሹፌሩ ጎን ለመቀመጥ ሁለት ብር ከፈልሁ። ዳገቱ ላይ በየምንጩ እየቆምን ውሃ እናጠጣታለን። «ከበቅሎ ትብሳለች፤ በቅሎስ ስትጠግብ ይበቃታል» አለኝ ሹፌሩ።

በቦርሳዬ ውስጥ ከኮሪያ የመጣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ አለ። የላከው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ መቶ አለቃ ደምሴ ነው፤ ቆስሎ የተመለሰ ባልደረባው አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት፣ የሟቹ ፊታውራሪ ባለቤት፣ ልጃቸው ይኑር ይሙት ሳያውቁ ዓመት አልፏቸዋል። ደምሴ ለእኔ በጻፈው ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ «ወሬ በሰው አፍ ሲያልፍ ይጣመማል። ለማንም ሳትተነፍስ ለእናቴ በእጅህ ስጥልኝ» ይላል። ጋዜጠኛም ብሆን አፌን መዝጋት እችላለሁ። ምነው ባልቻልሁ ኖሮ!

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት ገባን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። ገብሱ እየታጨደ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆረጠ፣ የተከራየኋት በቅሎ ሣር ባየች ቁጥር እየቆመች ተጓዝን።

ሰኞ፣ አሥር ሰዓት ላይ

ከፊታውራሪው ቤት ግርጌ ካለው መንደር ደረስሁ። የአገሩ ሽማግሌ አያ ተገኘ ከደጃቸው ተቀበሉኝ።

«ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ ነኝ፣ አያ። ለወይዘሮ የሺመቤት ከልጃቸው በኩል የመጣ መልእክት ይዣለሁ።»

«ምን ይላል?»

«ለእሳቸው ብቻ ነው የምናገረው።»

አያ ተገኘ ትክ ብለው ፊቴን አዩ። ከዚያ ጥቁር ካፖርቴን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በል እንግዲያ ዛሬ ከኔ ዘንድ እደር። እንዲህ ያለው ነገር በጧት ነው» አሉኝ። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው አልሁ በልቤ። ጠላው ሸጋ ነበር፤ ጨዋታ ግን አልነበረም። ጎረቤቱ እየገባ እጅ ይነሣኛል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ይወጣል።

ማክሰኞ፣ ማለዳ

አያ ተገኘ ቀስቅሰውኝ ስወጣ የወይዘሮዋ የነፍስ አባት መምሬ አላምረው መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ዳገቱን ስንጀምር ከየቤቱ አንድ አንድ ሽማግሌ እየወጣ ተቀላቀለን። ሰባት ሆንን። እኔን መካከል አደረጉኝ። ለአንድ ጋዜጠኛ ይህ ሁሉ አጀብ! ኩራቴ ጣራ ነካ። በበቅሎዬ ላይ ቀልድ ጀመርሁ፤ ማንም አልሳቀ። ከደጃቸው ሆነው ለሚያዩን ሴቶች አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ከግቢው በር ስንደርስ ውሃ ይዛ የምታልፍ ገረድ አየችንና እንስራው ከጀርባዋ ወደቀ። ወይዘሮ የሺመቤት ድምፁን ሰምተው ወጡ። አንድ በአንድ ተመለከቱን። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን ከራሳቸው ገፍፈው «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ሴቶቹ ተከተሏቸው።

መምሬ አላምረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሜቴ፣ ሁላችንም ለዚያው ነን። እግዜር የሰጠውን…»

ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ ነጋሪ አድርገው ነው ያመጡኝ!

«አልሞተም! ደምሴ አልሞተም፣ ደኅና ነው!»

ልቅሶው ቆመ። ሁሉም እጄን ያያሉ፤ የቦርሳው ቁልፍ አልከፈት አለ። አያ ተገኘ ቀሙኝና በጩቤ ቀደዱት። ወይዘሮዋ ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩበት።

«ከስቷል» አሉ።

ከዚያ ግቢው እልልታ ሆነ። መምሬ አላምረው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አያ ተገኘም ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ፤ «ምነው አንተ! አፍ አልፈጠረልህም?» እፍረቱ አቃጠለኝ፤ ደስታው ግን በለጠው፤ ስቄ አለቀስሁ።

«እንዲህ አስደንግጠኸኝማ ቶሎ አትሄዳትም» አሉ ወይዘሮዋ። «በግ ይታረድ!»

ረቡዕ

ቤቱ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ከፊታውራሪው አያት የቆየ ባለ ሰገነት ነው። ከላይ ያለው እልፍኝ በጠላት ዘመን ተቃጥሎ ግማሹ ሣር ክዳን ሆኗል። እኔ የተኛሁት በታችኛው፣ ከሟቹ ጋሻ ሥር፣ በጠፍር አልጋ ላይ ነው። ዛሬ ጾም ነውና ማንም ለምሳ አልቸኮለ፤ የቤቱ ሰው በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ ዋለ። ዓመት ሙሉ ያጡት እንቅልፍ ነው።

ወይዘሮዋ ብቻ አልተኙም። ደብዳቤውን ሰባት ጊዜ አስነበቡኝ። «ደኅና እበላለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ያቋርጡኛል፤ «ውሸታም!»

ሐሙስና ዓርብ

በቅሎዬ ተጭናለች። ወይዘሮዋ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ።

«መልስ ልጻፍልዎ፣ እሜቴ?»

«ጻፍ። አንድ ጊዜ አልቅሼለታለሁ በለው። ሁለተኛ እንባ የለኝምና የቀረውን ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ዓርብ ጎንደር እንደ ገባሁ ቀጥታ ፖስታ ቤት ሄድሁ። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍሁለት፤ ከራሴ አንድም አልጨመርሁበት።