ሃምሳ አለቃ ካሳዬ የላካቸው ሦስት ወንዶች

መርሳ ውስጥ ዲሽ የሚሰቅል ሰው ያስፈለገው ሁሉ የሚጠራው ካሳዬን ነው። ከኔ ጎሚስታ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ቴሌቪዥን ይጠግናል። ድሮ ወታደር ነበር፤ ራዳር ፊት ተቀምጦ ሰማይ ሲጠብቅ ኖሮ በሃምሳ አለቅነት ተሰናበተ። ሥራ ያውቃል፣ ጎረቤት ያከብራል። ቅናቱን ግን አላህ ለጠላትም አይስጥ። ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያስተካክል እንኳ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ ሚስቱ ጽጌ ከማን ጋር እንደቆመች ያያል።

ጽጌ ከሐብሩ ገበሬ ማንጎና ፓፓያ እየተረከበች ወልድያ ወስዳ ትሸጣለች። ሳቂታ ናት። ፊቱን አኮሳትሮ ማንጎ የሚሸጥ ሰው ማንጎው ይበሰብስበታል እያልኩ ስንት ጊዜ መከርኩት! የሚሰማ ጆሮ የለውም።

አንድ ቀን መለዋወጫ ሊገዛ ወልድያ ሄዶ መናኸሪያው በር ላይ ከአንድ የቆዳ ጃኬት ከለበሰ ሰው ጋር ቆማ አያት። ቤት ስትገባ ጠየቃት፤ «ደንበኛዬ ነው» አለችው። ስትናገር ፈገግ ብላለች ይላል። ፈገግታዋ እንቅልፍ ነሳው። ከዚያ ወዲያ «ጽጌ ወልድያ ከሰው ጋር ትታያለች እንዴ?» እያለ ያልጠየቀው ሾፌርና ረዳት የለም። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ሾፌር ጠጋ ብሎ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ጽጌ ወልድያ ከሰው ጋር ትታያለች እየተባለ ነው» አለው።

ፊቱ አመድ መስሎ እኔ ዘንድ መጣ። ቀዳዳ ልፈልግ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነበር። ውሃውን አየት አደረገና፣ «አብዱልሐሊም፣ ይሄ የራሴ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ወሬው። እኔ የላክሁት ነው የተመለሰው። ራዳር ማለት እኮ ሞገድ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። አውሮፕላን ላይ ካረፈ ነጥሮ ይመለስና ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይሆናል። ብልጥ ጠላት የላክኸውን ሞገድ ቀልቦ፣ ትንሽ አዘግይቶ ይመልስልሃል። አንድ የነበረው አውሮፕላን አራት ሆኖ ይታይሃል።»

«ታዲያ እውነተኛውን በምን ትለያላችሁ?»

«የምትልከውን ትለዋውጣለህ። የትናንቱን ይዞ የመጣ ውሸት ነው። ደግሞ ሁሉንም እኩል መከታተል አለብህ። ሐሰተኛው ደምቆ ዓይንህን ከወሰደው እውነተኛው በጎን ያልፍሃል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ካሳዬ ግን ሊሞክረው ተነሳ። መርሳ ላይ ለፀጉር አስተካካዩ፣ «ጽጌን ከአንድ ባለ ባጃጅ ጋር አይተሃታል?» አለው። ግራና ከተማ ወርዶ እህል ነጋዴውን ኡበይደላን፣ «ከበርበሬ ነጋዴ ጋር ናት የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐራ ላይ ደግሞ ሻይ ቤት ላላት ለሔዋን ስለ ጽጌና ስለ አንድ የባቡር ሐዲድ ዘበኛ ፈጥሮ አወራላት።

«አስተግፊሩላህ!» አልኩት። «የገዛ ሚስትህን ስም ለሦስት ሰው ታድላለህ?»

«ሙከራ ነው» አለ።

ሦስቱም ተመለሱ፤ ያውም ወፍረው። ባለ ባጃጁ በየቀኑ በነፃ ያመላልሳታል። በርበሬ ነጋዴው ወርቅ ገዝቶላታል። ዘበኛውማ ሚስቱን ሊፈታ ነው። ካሳዬ ያን ዕለት ከልቡ ሲስቅ አየሁት። «ሦስቱም የኔ ናቸው፤ አንዱም እውነት አይደለም» እያለ ሄዶ ለጽጌ አበባ ያለበት ሻሽ ገዛላት።

«የቆዳ ጃኬቱ ሰውዬስ?» አልኩት።

«የቱ?» አለኝ። ረስቶታል። ስለ ሰውዬው እኮ ማንም አላወራለትም፤ በዓይኑ ያየው ግን እሱን ብቻ ነበር።

በማግስቱ አንድ አይሱዙ ካሳዬ ቤት በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው ያ ባለ ቆዳ ጃኬት ወርዶ ፍራሽና የማንጎ ሣጥን መጫን ጀመረ። ካሳዬ ገና ያልሰጣትን ሻሽ እንደያዘ ከሱቁ እየሮጠ መጣ፤ እኔም ነገር እንዳይፈጠር ተከተልኩት።

ጽጌ አልጮኸችም። «ይሄ ሮቤል ይባላል፣ ወልድያ ቤት የሚያከራይ ደላላ ነው» አለችው። «ያን ቀን ያየኸኝ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሲያሳየኝ ውሎ ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ። አንተ በአንድ በኩል ዲሽህን፣ እኔ በሌላው ፍሬዬን እንድንሸጥ ነበር ሐሳቤ። ሲያልቅ ልነግርህና ደስ ልትሰኝ። ደንበኛዬ ነው ያልኩህ ለዚያ ነው።»

ይህን ብላ አንድ ሣጥን ለሮቤል አቀበለችው።

«ከዚያ ግራና ስሄድ በርበሬ ነጋዴህ ጠበቀኝ። ሐራ ስሄድ ዘበኛህ። እዚህ መርሳ ደግሞ ባለ ባጃጅ ሁሉ እያየኝ ይሳሳቃል። እኔ አንዳቸውንም አላውቃቸውም፤ ከማን አፍ እንደወጡ ግን ሰው ነገረኝ። ቤቱን ለብቻዬ ተከራየሁት።»

እኔ ባል ብሆን ኖሮ እግሯ ላይ ነበር የምወድቀው። ካሳዬ ሻሹን እንኳ አልሰጣትም። ሮቤልን ከእግሩ እስከ ራሱ ሲያየው ቆየና ወደ ጽጌ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ደላላ ሚስት አለው?» ብሎ ጠየቃት።

ጽጌ ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋችው።