እግሯ የረዘመው «ር»

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጎፋ ካለች አንዲት ማተሚያ ቤት በኮምፒውተር ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። እኔ ስገባ ቀድሞ ይታተምበት የነበረው የእርሳስ ፊደል በጆንያ ታስሮ ጓዳ ገብቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ፊደል አንድ በአንድ ሲለቅሙ የኖሩት ሴትዮ አራሚ ሆነው ከጎኔ ተቀምጠዋል። እትዬ ነበር የምላቸው።

ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ የጥሪ ካርዱን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።

«‹ር›ን ግን እግሯ ረዘም ያለችውን አድርግልኝ» አሉ። «የስንቷን ሙሽራ ካርድ በእሷ ለቅሜያለሁ።»

«እንዲህ ያለ የለም፣ እትዬ።»

«እስቲ ፈልግ። ፊደሉን የሣለው ሰው አይረሳትም።»

እውነትም ነበረች። ፕሮግራሙ ፊደሎቹን በሁለት ፎንት ከፋፍሎ ነው የያዛቸው፤ እንደ እሷ ያሉት ተለዋጭ ቅርጾች ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። መስመሩን በሙሉ ወደዚያ ብቀይረው ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ «ር»ን ብቻ እየመረጥኩ አንድ በአንድ መቀየር ጀመርኩ። እሳቸውም ወንበራቸውን አስጠጉ። «እግዚአብሔር» ላይ ደስ አላቸው፤ «ጥር» ላይም። «የሰርግ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄን ያዙኝ።

«እዚህ አይሆንም! መሀል ከገባች ጎረቤቷን ትረግጣለች። ቃሉ ሲያልቅ ነው እግሯን የምትዘረጋው።»

ኮምፒውተር ያስተማሩኝ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ነግረውኝ አያውቁም።

ፍሎፒውን ይዤ የማተሚያውን ፊልም ወደሚያወጣልን ሌላ ቤት ሄድኩ። እዚያ ሁለተኛው ፎንት አልነበረም። ፊልሙ ሲወጣ ባለ ረጅም እግሯ «ር» ልትኖርበት በሚገባው ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ቁጭ ብሏል። ሰርጉ ደግሞ ደርሷል፤ ሌላ ፊልም የሚወጣበት ጊዜ የለም። ተመልሼ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«በል ና፣ ጆንያውን አግዘኝ» አሉ።

ጎትተን አወጣነው። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ያም ሆኖ ጣታቸው ፊደሉን ከዓይናቸው ቀድሞ ያገኘው ነበር። እኔ እንደ ማኅተም ተገልብጦ የተቀረጸ ፊደል ማንበብ ስለማልችል «ር» ነው ብዬ ያቀበልኳቸው ሁለቴ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደረደርን፤ ካርዱንም በእግር በሚረገጠው አሮጌ ማሽን አተምነው።

ከሰርጉ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሙሽሮቹ ደሴ ገቡ፤ እሳቸውም ተከትለው ሄዱ። አንድ ቀን ሀና ማርያም ወደነበረው ቤታቸው ብሄድ የማላውቃቸው ሰዎች ተከራይተውታል፤ አድራሻቸውንም የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ የምሠራበት ፕሮግራም አንዷን ፊደል ስነካት ተለዋጮቿን ሁሉ ከሥሯ ደርድሮ ያሳየኛል። ከፈለግሁም ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን ብቻ ለይቶ ራሱ ይቀይራታል። ሥራው በደቂቃ ያልቃል፤ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። እትዬ ግን ይናፍቁኛል። ከዚያ ካርድ አንድ እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም። ያኔ ገና ብዙ አብረን የምንሠራ መስሎኝ ነበር።