ሳይለካ የተፈቀደ መስኮት

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ስለ መስኮት ጠየቅሁ። ይህን ስናገር ሰው ይገርመዋል። እኔን አልገረመኝም፤ በዚያን ጊዜ የሚገርመኝ ነገር አልነበረም። ጠዋት ተነስቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ለአማቴ ምግብ አቀርባለሁ። ሰዎች "በርቺ" ይሉኛል፣ እኔም "እሺ" እላለሁ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ናት ብለው አደነቁኝ። በኋላ ግን አንዳንድ ጎረቤት በጎን ያየኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር አዝኜም አልነበረም፣ ጠንክሬም አልነበረም። ውስጤ ምንም አልነበረም።

ቤታችን ጂንካ መሀል፣ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው ሜዳ ዳር ነው። ቆርቆሮ የለበሰ ጭቃ ቤት ነው። በአማቴ ክፍል ያለችው አንዲት መስኮት ብቻ ነበረች፤ ትንሽ፣ ከፍ ብላ የተሠራች፣ ምስጥ የበላት የእንጨት መስኮት። ሲዘጓት ክፍሉ ይጨልማል። ሲከፍቷት ማጠፊያዋ ስለላላ ወደ ውጭ ትንጠለጠላለች። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ተዘጋች አልተዘጋች ለውጥ የለውም፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ በቀጥታ አልጋው ላይ ነው የሚወርደው። አማቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከዚያ አልጋ አትነሳም። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ አልጋውን የሚያዞሩበት ቦታ የለም። ሳሎን እናውጣሽ ስንላት አሻፈረኝ አለች፤ ከመንገድ የገባ ሁሉ ተኝታ እንዲያያት አትፈልግም። ባለፈው ዝናብ ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ገብታ ነበር። ሐኪሙ ባለቤቴንና እኔን ኮሪደር ላይ አውጥቶ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ከደገማቸው አይችሉትም አለን።

ስለዚህ ባለቤቴ በኅዳር ማመልከቻ አስገባ። በልግ ሳይገባ የእንጨቱ ወጥቶ ባለ መስታወት የብረት መስኮት ይገባል ብሎ ለእናቱ ቃል ገባላት። ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለ። "ሜዳውን ተኝተሽ ታይዋለሽ" አላት። ታኅሣሥ ላይ እሱ ራሱ ታመመ፤ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቀበርነው።

ያለ ፈቃድ ለምን አላስገባሽውም የሚሉኝ ነበሩ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ሰው ያለ ፈቃድ በር ቀይሮ፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተጽፎበት፣ አዲሱን በር በገዛ እጁ አስነቅለውታል። ክፍተቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጋርዶ ስንት ጊዜ ኖረ። እኔ አማቴን በበልግ ዝናብ ከረጢት ሥር ላስተኛት አልችልም። ያ አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይታወቀኝ ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ፋይላችንን የያዘው ባለሙያ ድሮ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ሰው ነው። ከወንበሩ ተነስቶ "ቲቸር፣ ይቀመጡ" አለኝ። ፋይሉን አገላብጦ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ባለይዞታው ራሳቸው ቀርበው መፈረም አለባቸው።"

አየሁት፣ አየኝ። ይህ ሰው በለቅሷችን ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ሲያመላልስ የከረመ ነው። አፈር ሲመለስ አካፋ ከያዙት አንዱ እሱ ነበር።

"አንተ አይደለህ እንዴ የቀበርከው?" አልኩት። የተማሪ ስም እንደምጠራበት ባለ ድምፅ ነው ያልኩት።

"እኔማ ቀብሬያለሁ፣ ቲቸር" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ፋይሉ ነው ያልሰማው።"

"ታዲያ ንገረው።"

"እሱ የሚሰማው በወረቀት ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያምጡልኝና ጉዳዩን በእርስዎ ስም ፕሮሰስ እናደርገዋለን።"

አልተናደድኩበትም። ድሮ ቢሆን ያን ጠረጴዛ እገለብጠው ነበር፤ ቁጡ ሴት ነኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ፍርድ ቤት ሦስት ምስክር ይዤ ቀረብኩ። ዳኛዋ ምስክሮቹን ከሰማች በኋላ ወደ እኔ ዞራ ባለቤትዎ በሕይወት አሉ ወይ አለችኝ። የሉም አልኩ። ሞተዋል? አለች፣ ጸሐፊዋ በግልጽ እንድትጽፍ። "ሞቷል" አልኩ። እስከዚያ ቀን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ አረፈ፣ ወደ ጌታ ሄደ ይል ነበር፤ እኔም እሱን እደግም ነበር። ቃሉን ሳወጣው የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ጸሐፊዋ ጻፈችው፣ እኔም ፈርሜ ወደ ክፍለ ጊዜዬ ተመለስኩ።

በዚህ መሀል አማቴ ሁለት ነገር ትጠብቅ ነበር፤ መስኮቱንና የካኮ ሰዎችን። ባለቤቴ በግብርና ሥራ ብዙ ዓመት ካኮ ኖሯል። እዚያ ያሉ ወዳጆቹ መርዶውን የሰሙት ዘግይተው ነው፤ እንመጣለን ብለው ልከው ነበር። በእኛ ዘንድ ዘግይቶ የሰማ ለቀስተኛ ሲገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ለአማቴ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር። በቀብሩ ጊዜ መዘምራኑ ዘመሩ፣ ቃሉ ተነበበ። እሷ እንደ ጥንቱ በቋንቋዋ በአሪኛ ሙሾ እያወረደች ማልቀስ ስትጀምር የቸርች ሽማግሌዎች እጇን ይዘው ቀስ ብለው "ይበቃል እማማ፣ ይበቃል" አሏት። በክፉ አልነበረም። እሷም እሺ ብላ ዋጠችው።

"የቀረውን ለካኮ ሰዎች አስቀመጥኩ" ትለኝ ነበር።

እኔ የጎፋ ሰው ነኝ፤ አሪኛ ትንሽ ትንሽ ነው የምሰማው። አማርኛ ለሁለታችንም ተምረን ያገኘነው ቋንቋ ስለሆነ ስንነጋገር አናስረዝምም። ማታ ምግቧን ሳቀርብላት "መስኮት?" ትለኛለች። "ፕሮሰስ ላይ ነው" እላታለሁ። "ካኮ?" ትላለች። "ይመጣሉ" እላታለሁ።

የወራሽነቱ ወረቀት መጋቢት ላይ ደረሰ። ቀጥሎ ኮሚቴ መጥቶ ቦታውን ማየትና መስኮቱን መለካት ነበረበት። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ጥገና የሚፈቀደው በነበረው ልክ ብቻ ነው፤ ማስፋት ግንባታ ይባላል፣ ጭቃ ቤት ደግሞ ግንባታ አይፈቀድለትም። ባለቤቴ የጻፈው ሰፊ ልክ እንደማይሆን ባለሙያው አስቀድሞ ነግሮኛል። ይሁን ብያለሁ፤ ውሃ ካላስገባ ጠባብም ይበቃል። ኮሚቴው አንዴ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፣ አንዴ ፊልድ ወጥቷል ተባለ፣ አንዴ መኪና የለም። ዝናቡ ግን የተሟላ ኮሚቴ አልጠበቀም፤ ጀመረ። ብርድ ልብሷ ላይ ላስቲክ አለበስኩ፣ ከመስኮቱ ሥር ሳህን አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ማሳል ጀመረች። ሌት ተቀን ሳሏን ነበር የማዳምጠው፤ ባለቤቴም በመጨረሻው ሳምንት እንዲሁ ያስል ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ኮሚቴው በእግሩ መጣ። አራት ወንዶች ናቸው፤ ቦቲ ጫማ አድርገዋል፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። አንዱ ያ ባለሙያ ነው። አንዱ ፀጉሩ የሸበተ ሰብሳቢ ነው፣ የአሪ ሰው። ሦስተኛውንም በመልክ አውቀዋለሁ። አራተኛው ከሌላ አገር በቅርብ የተቀጠረ መሐንዲስ ነው። የለቅሶ ቤት መሆኑን ስለሚያውቁ በሩ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ አማቴ ክፍል አስገባኋቸውና እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

መስኮቷ ተዘግታ ነበር፤ ክፍሉ ጨልሟል። አማቴ ከተኛችበት ቀና ብላ ያየችው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ዝም ብለው የቆሙ አራት ወንዶችን ነው።

"መጣችሁ?" አለች።

"መጣን፣ እማማ" አለ ሰብሳቢው በትሕትና።

በዚህ ጊዜ አማቴ አራት ወር ገደማ ያስቀመጠችውን አወጣችው። በአሪኛ ነበር። ልጇን በሕፃንነት ስሙ ጠራችው። የገባኝን ያህል፣ ታዝለው የነበረበትን ጊዜ፣ ካኮ የሄደ ቀን የለበሰውን ሸሚዝ፣ ያልበላውን ምሳ እያነሳች ነበር። ሰብሳቢው ምን እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ ገባው። ዞሮ አየኝ። እማ፣ እነዚህ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ናቸው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ጊዜ ወስጄ አስቤ አይደለም፤ አፌ ብቻ አልተከፈተም።

ሰብሳቢው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ግንባሩን በእጁ ያዘ፣ በአሪኛ ይመልስላት ጀመር። ባለሙያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተንሰቀሰቀ፤ የእሱ የእውነት ነበር። ሦስተኛውም ተከተለ። መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ አንዴ መስኮቱን አንዴ እነሱን ካየ በኋላ፣ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ መሬት ላይ ተቀመጠና አቀረቀረ። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ። ውሃው ሳህኑ ላይ ጠብ ሲል ይሰማኛል። እነዚህ ሰዎች ለእኔ ባል ያለቅሳሉ፣ እኔ ሳህኑ ሞልቶ ይሆን እላለሁ። አፈርኩ። ከአራት ወር ገደማ በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ያ እፍረት ነበር፤ እሱም ቶሎ ጠፋ።

ለቅሶው ሲበርድ ተራ በተራ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ወጡ። ሜትሩን የዘረጋ ሰው አልነበረም። ግቢው በር ላይ መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልኬቱስ?" ሲል ሰማሁት።

"ደፍረህ ተመልሰህ ትለካለህ?" አለው ሰብሳቢው። ሄዱ።

አማቴ በዚያ ቀን በደንብ በላች። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ የካኮ ሰዎች መጡ፣ ጥሩ አለቀሱ ትላለች። ላርማት አልፈለግሁም።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ፈቃዱ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል። ቦታው ድረስ ተገኝተን አይተናል ይላል። ወረድ ብሎ "የነበረው መስኮት ልክ" በሚለው ቦታ የተጻፈው ግን ባለቤቴ በማመልከቻው የጠየቀው ሰፊ ልክ ነበር። የመምህርነት ነገር ሆኖብኝ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩ።

"ይሄ የድሮው ልክ አይደለም" አልኩት።

"ቲቸር" አለ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ፋይሉ ውስጥ ያለው ልክ ያ ብቻ ነው። ፋይሉ የሚያውቀውን ነው የጻፍነው።"

ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መስኮቱን የገጠመልን በያጅ ከወላይታ መጥቶ ጂንካ የከረመ፣ ሲሠራ መዝሙር የሚያንጎራጉር ሰው ነው። ጠዋት መጥቶ የእንጨቷን ነቀላት፤ በእጁ ላይ ፈረሰች። ግድግዳውን ቆርጦ አሰፋው፣ ዝቅ አደረገው፣ ብረቱን ተከለ። ከዚያ መስታወቱን ከውጭ በኩል በስቱኮ ይመርግ ጀመር። ዝናብ አልነበረም። ፀሐዩ አልጋው ላይ አረፈ።

አማቴ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ቆየች። እጇን ስታወርድ ሜዳውን አየች። ላሞች ነበሩ፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እኔ የረገፈውን ጭቃ እጠርግ ነበር።

"ነይ" አለችኝ። ቀረብኩ። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

"ፊትሽ የት ሄደ?"

"እዚሁ ነው፣ እማ።"

"የለም" አለች። "ያን ቀን ድምፅሽን ፈለግሁ። የሰዎቹን ሰማሁ፣ የአንቺ የለም። ጨለማ ነው፣ ውጭ ናት አልኩ።"

"በሩ ላይ ነበርኩ።" አልኳት። "እማ፣ የካኮ ሰዎች አልነበሩም። ለመስኮቱ የመጡ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ናቸው።"

አሰበች። "ታዲያ ለምን አለቀሱ?"

"አንቺ ስላለቀስሽ።"

"ጥሩ ሰዎች ናቸው" አለች። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ፣ ዳሌዋ እያመማት፣ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። "እኔ ለልጄ አለቀስኩ። አሁን አንቺ ለባልሽ።"

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከአፌ ምን እንደወጣ አላውቅም፤ ቃል አልነበረም። የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት አማቴ ጀርባዬን መምታት ስትጀምር ነው። ስሙን ጠራሁት። ወዴት ሄድክ አልኩት፣ መስኮቱ ገባልህ አልኩት፣ ብዙ ነገር አልኩት፤ አንዳንዱን በጎፋኛ። አማቴ "እንዲያ፣ እንዲያ" ትለኛለች።

በመስታወቱ ወዲያ ማዶ በያጁ መዝሙሩን አቆመ። መርዶ የተረዳን ሳይመስለው አልቀረም። ስቱኮውን መሬት አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በበሩ በኩል ዞሮ ገባ። ኮፍያውን አወለቀና ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።