ዶክተር ፍስሐ ያልጠረጉት ገጽ

በቃ፣ እውነት አልመስል አለኝ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስልኬን ስከፍት የድሮ ተማሪዎቻቸው ግሩፕ ላይ «ዶክተር ፍስሐ አረፉ» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት።

ማለቴ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ካዛንቺስ አይቻቸዋለሁ። ያን የቆዳ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መንገድ ሲሻገሩ። ረፍዶብኝ ስለነበር አልጠራኋቸውም።

ለማታውቋቸው፣ ዶክተር ፍስሐ ዩኒቨርሲቲ ግእዝ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። የጥንት የብራና መጻሕፍት ያጠኑ ነበር። የምርምር ረዳት ሲፈልጉ የሚወስዱት ገና ዲግሪያችንን ያልያዝነውን እኛን ነበር። «እነዚህ ልጆች ምን ያውቃሉ?» ሲሏቸው፣ «እኔስ ስጀምር ምን አውቅ ነበር?» ይላሉ።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ማስታወቂያውን ቦርድ ላይ አይቼ ተመዘገብኩ። ሥራዬ ገጽ መለካት፣ መስመር መቁጠርና ፎቶ ማንሳት ነበር። ስቸኩል «ቀስ፣ ብራና አይሸሽም» ይሉኛል። ኡራኤል ሰው ታክሲ ለመያዝ ሲጋፋ እንኳ ይህንኑ ብለውኝ ሦስት ታክሲ አምልጦናል። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር።

አንድ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ የቆየ የጸሎት መጽሐፍ ነበር። ያስጻፈችው ሴት ስም ተፍቆ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበታል። በድሮ መጻሕፍት ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የፊተኛው ስም ግን ከሥር ደብዘዝ ብሎ ይታይ ነበር፤ ዶክተር ያቺን ሴት ለማወቅ ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል።

አንድ ቀን ወጣ ሲሉ፣ ፎቶው እንዲጠራልኝ ብዬ ቦታውን በእርጥብ ሶፍት ጠረግኩት። ቀለሙ ለቀቀ። ሁለቱም ስም ጠፋ።

የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ከዶክተር ጋር ተመልሰው ሲያዩት ጮኹ። «ማነው የነካው?»

ዶክተር ፊቴን አንዴ አዩት። ሶፍቱን ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። «እኔ ነኝ፣ አባ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ ቤቱን እንዳይረግጡ ተከለከሉ፤ የዓመታት ጥናታቸው እዚያው ቆመ። እኔን አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ውጭ ቆሜ ሳለቅስ «ምሳ በልተሻል?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ሄጄ ለአባ እውነቱን ልነግር ነበር። ከፈተና በኋላ አልኩ። ከተመረቅኩ በኋላ አልኩ። ሥራ ልያዝ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ይኸው ቀደሙኝ።

ዛሬ ከቢሮ አስፈቅጄ ሄድኩ። አባ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የዶክተርን ማረፍም። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

«ልጄ፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ እከፍትላቸው ነበር» አሉኝ። «አሁን ለማን ልክፈት?»

ተሰናብቻቸው ተመለስኩ።

ዶክተር፣ ያን ገጽ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሁሉም ይወቀው። ለእርስዎ ምንም እንደማይፈይድልዎ አውቃለሁ፤ ሌላ የማደርገው ግን አጣሁ። ይቅር ይበሉኝ ብልስ ማን ይመልስልኛል? የሄዱበት ደጅ ይከፈትልዎ፣ መምህሬ። እኔ ያስዘጋሁብዎትን ማስከፈት አልቻልኩም።