አጎቴና የኒውክለሱ በር

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ዘጠነኛንና አሥረኛን በውሰት መጽሐፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨርሼ፣ አሰብ የማታ ትምህርት ቤት ሄጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ልግባ አልኩ። ወረቀት የለሽማ! የባዮሎጂው መምህር ይጠይቅሽ፤ ካልመለስሽ ከዘጠነኛ ትጀምሪያለሽ ተባልኩ።

መምህሩ በእንግሊዝኛ የተባዛ አንድ ገጽ ሰጠኝ። ፕሮቲን የሚሠራው ከሴሉ ኒውክለስ ውጭ ነው፤ ታዲያ እንዴት ወደ ውስጥ ይገባል? «ቅዳሜ ጠዋት መጥተሽ አስረጂኝ» አለኝ።

ሁለት ቀን አፈጠጥኩበት። የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነበር፤ የወደቡ በር ጥበቃ ነው። በካናቴራ ሆኖ በጋዜጣ እያራገበ፣ «እስቲ ተርጉሚልኝ» አለኝ።

«ኒውክለሱ ግድግዳ አለው ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ በሮች አሉ። ትንንሹ ነገር ዝም ብሎ ያልፋል።»

«ሻይ የምታመጣልን ሴትዮም ‹አሰላሙ አለይኩም› ብላ ነው የምታልፈው።»

«ትልልቁ ፕሮቲን ግን ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱን የሚያውቅ ሌላ ነገር ይዞት ይገባል ብለው ያስባሉ።»

«ይለፍና አጃቢ በይኛ! ይሄንን ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው የሚማሩት?»

ቅዳሜ የሻይዋን ሴትዮ እንኳ ሳላስቀር ሁሉንም ለመምህሩ አወራሁለት። ሳቀ። «እሷ መጽሐፉ ላይ የለችም፤ ግን ልክ ነሽ። ከገባ በኋላስ ምልክቱ ምን ይሆናል?»

የገጹ ግርጌ ቀለሙ ፈዞ አላነበብኩትም። እኔ ግን ምን ገዶኝ! «በሩ ላይ ይቀደዳል» አልኩ። አጎቴ ይለፍ ሲቀድ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አይቀደድም።»

«ካልተቀደደማ ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል!» ከፈታኜ ጋር ክርክር ገጠምኩላችሁ።

«ምልክቱ የራሱ የፕሮቲኑ አካል ነው፤ ለሌላ አይሰጥም። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ የኒውክለሱ ግድግዳ ይፈርስና ውስጥ የነበረው ሁሉ ይበተናል። ግድግዳው እንደገና ሲሠራ በምን ይመለስ?»

ዘጠነኛ ክፍል ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጬ ታየኝ። «በዚያው ይለፍ ይመለሳላ» አልኩ ቀስ ብዬ።

መምህሩ ጻፈ፣ ጻፈና፣ «መቀደዱ ላይስ ተሳስተሻል፤ የኋላውን ግን አስበሽ አገኘሽው። አሥራ አንደኛ ግቢ። ሰኞ ዋስ ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ለአጎቴ ስነግረው ደስታዬን ትቶ የግድግዳውን ነገር ያዘ። «ይፈርሳል? ጥበቃው የት ሄዶ?»

ሰኞ የደንብ ልብሱን ከነቆቡ ለብሶ መጣ። «ጓድ መምህር፣ ግድግዳው ሲፈርስ በሩን ማን ይጠብቃል?»

«ያን ጊዜ በሩም የለም፣ አባቴ። ሁሉም ይፈርስና እንደገና ይሠራል።»

አጎቴ ቆቡን አወለቀ። ዋስ ሆኖ ፈረመልኝ። ከዚያ ለራሱ አንድ ቅጽ ጠየቀ፤ ያቋረጠው ከስድስተኛ ነበርና፣ ሰባተኛ ክፍል ተመዘገበ።