የሸዋረጋ ድመት

ቢሻው በጎንደር ከተማ የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ለባለዶሮ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «በሽታ የገደለውን አትብሉ።» ምክሩ ማንንም አልከበደም። በክት ማን ይበላል? ለድመት ይጥሉታል። እሱም ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን «ቅበሩት» ብሎ አያውቅም።

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሚስቱ ሸዋረጋ ከቆላ ድባ ገበያ ሦስት ዶሮዎች አመጣች። በሳምንቱ አንገታቸውን ደፍተው አለቁ። እንደ ልማዷ ለድመቷ ጣለችላት። በአራተኛው ቀን ድመቷ ታነጥስ ጀመር። ሸዋረጋ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከጉያዋ አድርጋ አስታመመቻት፤ ድመቷ ግን አልተረፈችም።

ያኔ ቢሻው በሥልጠና ላይ የሰማው ትዝ አለው። የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ሲባዛ እንደ ደከመው ቁም ጸሐፊ ይሳሳታል፤ አብዛኛው ስሕተት ቫይረሱን ራሱን ያጠፋዋል፤ አንዱ ግን በአጥቢ እንስሳ ሳንባ መኖርን ያስተምረዋል። «ከወፍ ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው ከተሻገረ፣ ከሰው ወደ ሰው የቀረው አንድ እርምጃ ነው» ብሎ ነበር መምህሩ። እናቱ ስለ ኅዳር በሽታ፣ ቀባሪ ስላጣው ሬሳ የነገረችውም መጣበት።

ሸዋረጋ ትኩሳት ያዛት። ቢሻው በሩን ዘጋ። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝታለች» እያለ ይመልሳል።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ አያ ላቀው ዳቦ ይዘው መጡ።

«ምነው ቢሻው፣ በሽተኛ ለመጠየቅም የቀበሌ ኩፖን ያስፈልጋል?»

«የሚጋባ ነው፣ አያ።»

«ከምን የመጣ?»

«ከዶሮ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እንግዲያው ሌሊት ትጮኻለቻ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሸጋ ውሸት ፈልግ። ሰው ደብቋል እየተባልህ ነው። ነገ አብዮት ጥበቃዎች ይፈትሻሉ።»

ቢሻው የፈራው ጠመንጃቸውን አልነበረም። አምስት ሆነው ገብተው፣ ወደ አምስት ቤት መበተናቸውን ነው።

ጎሕ ሲቀድ ሸዋረጋ ዐረፈች። ለቅሶ በር አያስዘጋም። ጎረቤቱ ሁሉ ገባ፤ ሊፈትሹ የመጡትም ጠመንጃቸውን ደጅ አስደግፈው ገቡ። እያቀፉ ጉንጩን ሲስሙት፣ በእያንዳንዱ ሰው ትንፋሹን ይይዝ ነበር።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሳል ተሰማ። አያ ላቀው ናቸው።

«ብርድ ነው» አሉ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከቢሻው ጎን ጠጋ ብለው ተቀመጡ።