በእርቅ የተዘጋው መዝገብ

መካነ ሰላም ላይ ዝናሽ ወንድዬን ሰርግ ቢጠሯት የሙሽራውን ስም ከመስማቷ በፊት «ቁጥሩ ስንት ነው?» ትላለች እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱን የፈጠረችው ራሷ ናት የሚሉም አሉ፤ አያሳፍራትም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ሥር የቆመ ባለጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከአስሩ ዘጠኙ መልሱን አያውቀውም። ዝናሽ ደግሞ የምትወደው እነዚያን ዘጠኙን ነው።

ፍርድ ቤት የገባችው በተላላኪነት ነበር። መዝገብ ከችሎት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ችሎት እያመላለሰች፣ በማታ ትምህርት አስራ ሁለተኛን ጨረሰች። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያበቃት ግን ትምህርቱ ብቻ አይደለም። አባቷ አቀስታ አጠገብ ገበሬ ነበሩ። በአንድ የድንበር ክርክር ረትተው ያገኙትን የውሳኔ ወረቀት ጣራ ሥር፣ ከዘር ቋጠሮ ጋር ሸጉጠው አኖሩት፤ አይጥ በላው። ጎረቤታቸው ድንበሩን ዳግም ሲገፋ «ማስረጃህን አምጣ» ቢባሉ ከአይጥ የተረፈውን ፍርፋሪ ይዘው ቀረቡ። ዋናው መዝገብ ተቀምጦ እንደሚገኝ፣ አመልክቶ ግልባጩን ማውጣት እንደሚቻል አያውቁም ነበር፤ መሬቱም ቀረ። ዝናሽ አባቷ ያን ፍርፋሪ በመሐረብ ቋጥረው ሲመለሱ አይታለች። እስከ ዛሬ ስታወራው ድምጿ ይቀጥናል።

ስለዚህ ቁጥር የለኝም የሚላትን ሰው አትመልስም። መሳቢያዋ ውስጥ አንድ ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር አላት፤ «የዓመት ደብተር» ትለዋለች። ባለጉዳይ ዓመተ ምሕረት አይነግራትም። «በረዶው ገብሳችንን የመታ ጊዜ» ይላታል፤ «የወረኢሉ መንገድ ጠጠር የለበሰ ጊዜ» ይላታል። እሷ ይህን ሁሉ ጠይቃ፣ አመሳክራ፣ ዓመቱን ከጎኑ ትጽፋለች። ፋሲካና መውሊድ በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚዞር ሁለቱንም ከነቀናቸው መዝግባለች። ለፋሲካው ቄሶቹን፣ ለመውሊዱ ሸሆቹን ትጠይቃለች፤ ሁለቱም ወገን አሁን አሁን ሲያያት ሳትጠይቀው ይነግራታል።

ባለፈው ግንቦት አንድ ሰኞ ጠዋት ሀናን የምትባል ወጣት መስኮቱ ሥር ቆመች። ከጅዳ ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ የለበሰችው ጥቁር አባያ እንኳ የዚህን አገር ብርድ አልለመደም።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች ዝናሽ።

«ቁጥር የለኝም፣ እትዬ። ሐሙስ ቀጠሮ አለን። የአጎቴ ልጅ ሙሐሲን ቤታችንን የአያታችን ውርስ ነው ብሎ እናቴን ከሷታል። እናቴ ግን ያኔ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዚሁ ቤት ጉዳይ ከአጎቴ ጋር ፍርድ ቤት ቆማ ነበር። ረትታለች መሰለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የምትኖርበት እሷ ናት። ያ ወረቀት ካልተገኘ ሐሙስ የምናሳየው ነገር የለንም።»

«እናትሽ ምን ይላሉ?»

«እናቴማ አፏን ይዛለች። ‹ተይው› ብቻ ነው የምትለኝ።»

ሬጅስትራሩ ፈንታሁን የእናቲቱን የፈርሂያን ስም ኮምፒዩተር ላይ ቢፈልገው አላገኘውም፤ የቆዩት መዛግብት ገና አልገቡም። ሀናን ዓመቱን በትምህርቷ ቆጥራ 2007 ወይም 2008 ይሆናል አለች። ዝናሽ መደርደሪያው ውስጥ ገባች። ውሳኔ ያገኙ መዛግብት በቀይ ሲባጎ ይታሰራሉ፤ ቋጠሮውም የራሷ ነው፣ ማንም አይነካባትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለች ነው የምታስረው። ሰኞን ከሰዓት፣ ማክሰኞን እስከ ምሳ የሁለቱን ዓመት ቀይ እስር ሁሉ ፈትታ አሰረች። ፈርሂያ የምትባል ከሳሽም ተከሳሽም የለችም። አቧራው ጉሮሮዋን ዘግቶት ስትወጣ ሀናን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷን አይታ አቀረቀረች።

«አብሽሪ» አለቻት ዝናሽ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ‹ረትታለች› ያልሽውን ይዤ ገባሁ እንጂ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ የሚያውቅ ሰው አልጠየቅሁም።» ማታ ከሥራ ስትወጣም ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከልጅቷ ጋር ሄደች።

ፈርሂያ ግቢያቸው ውስጥ አጥሩን ተደግፈው ምስር ይለቅማሉ። ዝናሽን በደንብ ያውቋታል፤ ሰላምታው ረጅም ነው፣ የከብቱም የዝናቡም ደኅንነት ተጠየቀ። ዝናሽ የመጣችበትን ስትናገር ግን የሰፌዱ እንቅስቃሴ ቆመ።

«ወላሂ ዝናሽ፣ ያ ነገር አፈር ለብሷል። ወንድሜ አሕመድኑርና እኔ ሽማግሌ ፊት፣ ዳግም ላናነሳው ቁርኣን ይዘን ምለናል። እሱ መሐላውን ጠብቆ ወደ አኼራ ሄደ። ዛሬ እኔ የሞተ ወንድሜን ፍርድ ቤት ላስጠራው ነው? ቢያስወጡኝ ልውጣ።»

ሀናን ፊቷን አዞረች። ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው፣ ሌላ ሰው ቤት ወለል ስትወለውል በኖረችባቸው ዓመታት ነው።

ለካስ ረቺም ተረቺም አልነበረም። ዝናሽ እዚያው ምስሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ቀይ ሲባጎ ስትፈታ የዋለችበት ሁለት ቀን ባከነ ማለት ነው፤ ግን አልተናደደችም፣ እንዲያውም የት እንደምትፈልግ ገባት። በሽማግሌ የታረቁ ሰዎች ስምምነታቸውን ፍርድ ቤት አስመዝግበው ክሱን ይዘጋሉ። የአገሬው ሰው ታርቆ ሲጨርስ ሁሉም የጠፋ ይመስለዋል፤ ነገሩ በቃል ስለተቀበረ ወረቀቱም አብሮ የተቀበረ ይመስለዋል። እነዚህን መዛግብት ዝናሽ በነጭ ሲባጎ አስራ፣ በግድግዳው በኩል ለብቻቸው አስቀምጣቸዋለች። ጠይቆ የሚመጣባቸው ሰው ስለማይኖር ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ ናቸው።

«እትዬ» አለች፣ «የማሉት ጠቡን ላያነሱ ነው። እርቁንም ላያነሱ ምለዋል?»

ፈርሂያ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«እኔ የማወጣው ጠቡን አይደለም፤ እርቁን ነው። ሙሐሲን ያኔ ልጅ ነበር። አባቱ እንደ እርስዎ አፋቸውን ጠብቀው ሞቱ። ታዲያ ልጁ በምን ይወቅ? ዝም ካሉት ሳያውቅ የአባቱን መሐላ ያፈርሳል። ይህ ለወንድምዎ ነፍስ ደግ ነው?»

ፈርሂያ አንዲት ድንጋይ ከምስሩ መሐል ለቅመው ወረወሯት። «ይህስ መልካም አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ዓመቱን ግን አላውቅልሽም። መውሊድና ጥምቀት በአንድ ሰሞን የዋሉ ጊዜ ነው።»

ዝናሽ ደብተሯን ገለጠች። በ2005 ጥምቀት ጥር አስራ አንድ ውሎ መውሊዱ በአምስተኛው ቀን ተከተለ። በ2006 ደግሞ መውሊዱ ጥር አምስት ውሎ ጥምቀቱ ተከተለ። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ግድግዳ ሙሉ መዝገብ ነው፤ ቀጠሮው ከነገ ወዲያ።

«ማንኛው ቀደመ፣ እትዬ?»

ፈርሂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይህንንማ እንዴት እረሳዋለሁ? ሽማግሌዎቹ ሁለት ሸሆችና ቄስ አምባቸው ነበሩ። ለሸሆቹ ከመውሊዱ የተረፈ ሥጋ አቀረብኩ፤ ለቄሱ ሽምብራ ቆላሁላቸው። እሳቸው ሽምብራውን እየቆረጠሙ ‹ቶሎ ታረቁ እንጂ፣ ከተራ ደርሷል፣ ታቦት የማጅበው እኔ ነኝ› እያሉ አጣደፉን። ሁለት ዓመት የጎተትነውን ጠብ እኮ የጨረስነው በቄሱ ጥድፊያ ነው።»

መውሊድ አልፏል፣ ጥምቀት አልደረሰም። ዝናሽ ደብተሯን ዘጋች። «2006 ነው» አለች፤ አስማት የሠራ ሰው እንኳ እንዲህ በእርጋታ አይናገርም።

ረቡዕ ጠዋት በእርቅ የተዘጉት ለብቻ የሚጻፉበትን የ2006ን ትልቁን መዝገብ አውጥታ ጥር ወርን በጣቷ ወረደች። ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ ከእርቁ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ከሳሽ ወይዘሮ ፈርሂያ፣ ተከሳሽ አቶ አሕመድኑር፣ «በእርቅ ተዘግቷል»። ቁጥሩን ይዛ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ከሦስተኛው ነጭ እስር ከላይ አራተኛው ነበር። ሀናን ማመልከቻ ጻፈች፣ ፈንታሁን ፈረመበት፣ ግልባጩ ማኅተም ተመታበት። ሁሉም ከሻይ ሰዓት በፊት አለቀ። ፈንታሁን ኮምፒዩተሩን አንዴ፣ ዝናሽን አንዴ እያየ «አንቺን ነበር እዚህ ውስጥ መጫን» አላት። እሷ ግን ያ ሁሉ ሥራ ለምን እንደሚያስደንቅ ከልቧ አይገባትም፤ ሰው የራሱን ነገር ጠይቆ ወሰደ፣ አለቀ።

ሐሙስ ችሎቱ ዋናው መዝገብ ይቅረብ አለ። ዝናሽ እንደ ተላላኪነቷ ዘመን ራሷ ይዛው ገባች፣ አስረክባም በሩ አጠገብ ቆመች። ዳኛው የእርቁን ቃል አነበቡት፦ «እኔ አሕመድኑር ቤቱና ግቢው የእህቴ የፈርሂያ መሆኑን አምኛለሁ። ከእንግዲህ እኔም ልጆቼም አንጠይቃትም። ብታጣ እኔ እደርስላታለሁ፣ እኔ ባልኖር ልጄ ሙሐሲን ይደርስላታል።»

ሙሐሲን ስሙን ሲሰማ ቀና አለ። ወረቀቱን በዓይኑ እንዲያይ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ከቃሉ ግርጌ የአባቱ አውራ ጣት በሐምራዊ ቀለም ታትሟል። መሐሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር ያቋርጠዋል። አሕመድኑርን በጎልማሳነታቸው ማጭድ ቆርጧቸው፣ ያን ጠባሳ ይዘው ኖረው፣ ይዘውት ተቀብረዋል። ልጃቸው ያን መስመር በጣቱ ሊነካው አለና መለሰው።

«የአባቴ ጣት ናት» አለ። «እኔ አላወቅሁም። ክሱን ትቻለሁ።» ከዚያም ዞሮ የአክስቱን ጉልበት ሳመ፤ ፈርሂያም ራሱን ደባብሰው ዱዓ አደረጉለት። ዝናሽ መዝገቡን ተቀብላ ወጣች፤ መልሳም በነጭ ሲባጎ አሰረችው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መውሊድ ሆነ። ፈርሂያ ልጃቸውን ልከው ዝናሽን አስጠሯት፤ ዝናሽም ጭቃውን ረግጣ ሄደች። ለክርስቲያን እንግዳ እንደሚደረገው ለብቻ የተዘጋጀ ምግብ ቀረበላት። ሙሐሲን ከውጭ እንጨት እየፈለጠ ነው፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ውሃ የሚያስቀዳውም አጥር የሚያጥረውም እሱ ነው። ዝናሽ ቀና ስትል ከበሩ በስተውስጥ፣ ሳንቃው ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አየች። የመዝገብ ቁጥር ነው። ፊደሉ ደንበር ገተር ያለ የሙሐሲን እጅ ጽሕፈት ነበር።

«ዝናሽ» አሉ ፈርሂያ፣ «እስቲ ያችን ጥያቄሽን ጠይቂኝ።»

«የቷን?»

«መስኮት ላይ የምትጠይቂያትን ነዋ።»

ዝናሽ ሳቀች። «ቁጥሩ ስንት ነው?»

ፈርሂያ ፊደል አልቆጠሩም። ወደ በሩም አላዩም። «ዜሮ፣ አራት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሁለት» አሉ፣ እያንዳንዱን እንደ ዚክር ጸሎት ረጋ ብለው። «ዓመቱ 2006። በእርቅ የተዘጋ።»

 ዝናሽ መሐረብ የያዙት አባቷ ዓይኗ ላይ ድቅን አሉባትና እንግዳ ቤት መሆኗን ረስታ አለቀሰች። ፈርሂያም ወደ እሷ ጠጋ አሉና ቁጥሩን ደገሙላት።